የእንዶዱ ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ

የሚያይ ሰው ብዙ ነው፤ ያየውን ለምን ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ዶክተር አክሊሉ ለማ ነበሩ። የእኚህን ኢትዮጵያዊ ሊቅ የሕይወት ታሪክ ለመጽሔታችን የመረጥሁት፥ ከፍተኛ ዕውቀት ከሩቅ አገር ብቻ ይመጣል ብለን ለምናስብ ለእኛ ለተማሪዎች ትልቅ ትምህርት የሚሰጥ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ በ1935 ተወለዱ። በአሜሪካ አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ካገኙ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩና ይመራመሩ ጀመር። ሐሳባቸው ሁሉ ቢልሃርዚያ በሚባለው በሽታ ላይ ነበር። ይህ በሽታ የሚተላለፈው በውሃ ነው። የበሽተኛው ዐይነ ምድር ወይም ሽንት ወንዝ ሲገባ የትሉ ዕንቁላል ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም በውሃ ቀንድ አውጣ ሰውነት ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ የሚዋኘውን ሕፃን፥ ውሃ የምትቀዳውን እናት ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው መንገድ ይቆረጣል።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ በዐድዋ ወንዝ ሲመረምሩ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ፤ ከላይ በኩል ግን ይህን ያህል የሞተ አልነበረም። ሕያዋን ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው ከአንዲቱ ሴት የእንዶድ አረፋ ጥቂት ቢያስጨምሩበት ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ሳይንስ ለብዙ ዘመን ሲፈልገው የነበረው ነገር በልብስ አጣቢዎች እጅ ላይ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ ሥራው በትጋት ቀጠለ። በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ በተደረገው ሙከራ ወንዞቹ በእንዶድ ዱቄት ሲታከሙ፥ በትንንሽ ልጆች ላይ የነበረው በሽታ ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። ከውጭ አገር የሚመጣው የቀንድ አውጣ መድኃኒት ለድኻ አገር ውድ ነበር፤ እንዶድ ግን በየአጥሩ ሥር ይበቅላል። እርግጥ ነው፥ እንዶድ ዓሣንም ይጎዳል፤ ሆኖም ኀይሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ስለሚጠፋ በውሃው ውስጥ እየተከማቸ አይኖርም።

ይህን የመሰለ ውጤት ቢገኝም የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ባለሙያዎች በቶሎ አልተቀበሉትም። የደኅንነቱ ምርመራ በእነርሱ ደንብ ካልተደረገ አይበቃም አሉ። ዶክተር አክሊሉ ግን ተስፋ ሳይቆርጡ፥ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በጽሑፍም በንግግርም ለዓለም ማስረዳታቸውን ቀጠሉ። ዶክተር ለገሠ ብዙ የእንዶድ ዐይነቶችን አወዳድረው ዐይነት 44 የተባለውን ምርጥ ዘር ለዩ። በካናዳም ርዳታ ምርመራው በአዲሱ ደንብ እንደገና ተካሄደ። በ1989 ሁለቱ ሊቃውንት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

እንዶድ ባሕር ማዶም ተሻገረ። ዜብራ መስል የሚባል ባለ ቅርፊት የውሃ እንስሳ ከአውሮፓ በመርከብ ገብቶ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ተራብቶ የውሃ ቧንቧዎችን ይደፍን ነበር። በ1990 በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሞከር እንዶድ ይህን እንስሳ እንደሚገድል ታወቀ። ዩኒቨርሲቲው በግኝቱ ላይ ፓተንት አወጣ፤ ከዚህም የተነሣ የእንዶድን ጠባይ ከጥንት ጀምረው የሚያውቁት ኢትዮጵያውያን ድርሻቸው ምንድን ነው የሚል ክርክር ተነሣ። በኋላም በጤፍ ላይ ይኸው ጥያቄ ተነሥቷል።

ዶክተር አክሊሉ በዩኒሴፍም ካገለገሉ በኋላ በ1997 ዐረፉ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል። ቢልሃርዚያ ዛሬ በይበልጥ የሚታከመው ፕራዚኳንቴል በሚባለው ክኒን ነው፤ ነገር ግን የዳነ ሰው ወደዚያው ውሃ ሲመለስ እንደገና ሊያዝ ስለሚችል የቀንድ አውጣው ጉዳይ ገና አላበቃም።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፥ አያቴ በወጣትነታቸው ነጠላቸውን በእንዶድ ያጥቡ እንደ ነበር አጫውተውኛል፤ በእኔ ዕድሜ ያለን ልጆች ግን ፍሬውን እንኳ ለይተን የማናውቅ እንበዛለን። እዚህ ቀፊራ ገበያ ከገጠር የሚመጡ እናቶች ቅጠላ ቅጠሉንና ሥራ ሥሩን ዘርግተው ይሸጣሉ። ኦሮሞዎቹ እንዶድን ሃንዶዴ ይሉታል፤ ስለ ሌላውም ተክል የሚያውቁት ብዙ ነው። ይህ ዕውቀት በአብዛኛው በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ከባለቤቶቹ ጋር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ሳይንስ የምንማር ሁሉ ደብተራችንን ይዘን እናቶቻችንን እንጠይቅ፤ የነገሩንንም እንደ ዶክተር አክሊሉ በሙከራ እንፈትን።