የአባ ፍራንሲስኮ ሂሜኔዝ የሕይወት ታሪክ

አንድ ቀን በቤተ መጻሕፍታችን ስለ ጥንታውያን ማያዎች የሚናገር መጽሐፍ ስገልጥ የአንድ የሸክላ ሳሕን ሥዕል አየሁ። በሳሕኑ መካከል የዔሊ ድንጋይ ተሰንጥቆ ያጌጠ ወጣት ከውስጡ ብቅ ብሏል፤ በግራና በቀኙም ሁለት ጎልማሶች ይረዱታል። ሥዕሉ አስደነቀኝ እንጂ ምን ማለት እንደ ሆነ አልገባኝም ነበር። ትርጉሙን ስፈልግ ግን የአንድ መነኩሴ ስም ደጋግሞ አጋጠመኝ። ስለ እኚህ ሰው የተረዳሁትን ለአንባቢዎቼ ላካፍል እወዳለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ፍራንሲስኮ ሂሜኔዝ በ1666 በስፔን አገር፥ በአንዳሉሲያ ክፍል፥ ኤሲኻ በምትባል ከተማ ተወለዱ። በ1688 ገና በወጣትነታቸው ባሕር ተሻግረው ወደ ጓቴማላ ሄዱ፤ በዶሚኒካውያን ማኅበርም ክህነት ተቀበሉ። አገሩ በዚያ ዘመን በስፔን መንግሥት ሥር ነበር፤ ብዙው ሕዝብ ግን የማያ ዘር ሲሆን ቋንቋውም ኪቼ፥ ካክቺኬል፥ ሌላም ሌላም ነበር። አባ ፍራንሲስኮ የሕዝቡን ቋንቋዎች ተግተው ተማሩ፤ ኋላም ስለ ሰዋስዋቸውና ስለ ቃላታቸው መጽሐፍ ጻፉ።

ከ1701 እስከ 1703 በቺቺካስቴናንጎ ከተማ ሲያገለግሉ ሰዎቹ በምስጢር የጠበቁት አንድ ጽሑፍ እጃቸው ገባ። ይህም የኪቼ መኳንንት በ1550ዎቹ በላቲን ፊደል፥ በገዛ ቋንቋቸው የጻፉት የአባቶቻቸው ታሪክ ነው፤ ፖፖል ቩህ ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በ1562 በዩካታን፥ ማኒ በተባለች ስፍራ፥ ዲዬጎ ዴ ላንዳ የተባሉ ሌላ የስፔን መነኩሴ የማያዎችን መጻሕፍት ሰብስበው አቃጥለው ነበር። ከጥንቱ የማያ መጻሕፍት ዛሬ የተረፉት 4 ብቻ ናቸው። አባ ፍራንሲስኮም ቢሆኑ ያገኙትን ታሪክ ከሃይማኖታቸው ጋር የማይስማማ ስሕተት አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ነገር ግን አላቃጠሉትም። በገጹ ላይ ሁለት ዓምድ አድርገው፥ በአንዱ የኪቼውን ቃል፥ በሌላው የስፔንኛውን ትርጉም በእጃቸው ጻፉ። የገለበጡበት ዋናው ጽሑፍ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስለዚህ እርሳቸው በዚያን ጊዜ ቸል ብለው ቢሆን ኖሮ ይህ መጽሐፍ ለእኛ ባልደረሰ ነበር።

ከታሪኩ አንዱ ክፍል እንዲህ ነው። ሺባልባ የሚባለው የሙታን አገር ገዦች ሁለት ወንድማማች የኳስ ተጫዋቾችን ጠርተው በተንኮል ገደሏቸው፤ የአንደኛውንም ራስ በቅል ዛፍ ላይ ሰቀሉት። ያ ራስ በአንዲት ልጃገረድ መዳፍ ላይ ምራቁን ቢተፋ ፀነሰችና ሁናፑና ሽባላንኬ የተባሉ መንትዮች ወለደች። መንትዮቹ ካደጉ በኋላ ትዕቢተኛውን ታላቅ ወፍ በረጅም መቃ ጠጠር እየነፉ አዋረዱት። ወደ ሺባልባም ወርደው ገዦቹን በብልሃት ድል ነሡ፤ በመጨረሻም ወደ ሰማይ ወጡ።

አሁን ወደ ሸክላው እንመለስ። ማያዎች፥ በተለይ ከ600 እስከ 900 ባለው ዘመን፥ ያለ መንኰራኵር ጭቃውን በእጃቸው እያበጁ፥ በቀለማም አፈር እየሣሉ ውብ ዋንጫና ሳሕን ይሠሩ ነበር። በብዙው ዋንጫ አፍ ዙሪያ የባለቤቱ ስምና ዋንጫው ለካካዎ መጠጥ የተሠራ መሆኑ ተጽፏል። ሥዕሎቹን ግን ብዙ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ እንደ ተራ ጌጥ ይቆጥሯቸው ነበር። በ1973 ማይክል ኮ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ ሥዕሎቹን ከፖፖል ቩህ ጋር አስተያይተው፥ ብዙዎቹ የመንትዮቹንና የሙታንን አገር ነገር የሚያሳዩ መሆናቸውን በመጽሐፋቸው ገለጡ። ያ እኔ በሥዕል ያየሁት፥ በቦስተን ሙዚየም ያለው ሳሕንም መንትዮቹ የበቆሎውን አምላክ ከምድር ሲያስነሡ የሚያሳይ ነው። እርግጥ ሸክላው ከጽሑፉ 8 መቶ ዓመት ያህል ስለሚቀድም ሁሉም ነገር አይገጥምም፤ ቢሆንም ያለዚያ ግልባጭ የሥዕሉን ነገር ለመረዳት እጅግ ባስቸገረ ነበር።

አባ ፍራንሲስኮ ስለ ጓቴማላና ስለ ቺያፓ ሰፊ ታሪክ ጽፈው በ1730 ገደማ ዐረፉ። የደከሙበት ሥራ ግን በሕይወታቸው ሳሉ አልታተመም። የፖፖል ቩህ ትርጉማቸው በቪየና የታተመው በ1857 ነው፤ የእጃቸው ጽሑፍም ዛሬ በቺካጎ በኒውቤሪ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ሳሕኑን እንደገና አየሁት፤ በዚህ ጊዜ ግን የሦስቱንም ማንነት አውቄ ነበር። የማንቀበለውን ነገር እንኳ ሳንጨምርና ሳንቀንስ ጽፈን ብናቆይ፥ ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ትልቅ ስጦታ ሊሆን እንደሚችል ከእኚህ መነኩሴ ተምሬአለሁ። እናንተም፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የማይገባችሁን አሮጌ ጽሑፍ ስታገኙ አትጣሉት፤ የሚገባው ሰው ነገ ይመጣ ይሆናልና።