ያለ በደል የተጠሉት ወንጌላዊ አናሲሞስ ነሲብ

በበደላችን ስንጠላ ንስሐ መግባት ይገባናል። ያለ በደል ስንጠላ ግን ምን እናድርግ? ይህን ጥያቄ ይዘን የአናሲሞስ ነሲብን ሕይወት እንመልከት፤ ዓመታቱንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።

አናሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ሂካ ነበረ፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው፤ በ1869 ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ከአገራቸው ነጠቋቸው። ከጌታ ወደ ጌታ እየተሸጡ ምፅዋ ከደረሱ በኋላ በ1870 ነፃ ወጥተው በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ዘንድ ተማሩ። በ1872 ሲጠመቁም ሐዋርያው ጳውሎስ ፊልሞናን በለመነለት በዚያ ባሪያ ስም አናሲሞስ ተባሉ።

በስዊድን አገር ተምረው ወደ ወገኖቻቸው ለመድረስ ከአንድ ጊዜ በላይ ቢሞክሩም መንገዱ ተዘጋባቸው። በዚህም ጊዜ ከአስቴር ጋኖ ጋር እየሠሩ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሱ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ መላው መጽሐፍ በ1899 ታተመ። እንግዲህ እናስተውል፤ ጌታ ጠላትን ስለ መውደድ ያስተማረውን ቃል በወገኖቻቸው ቋንቋ የጻፉት፣ በልጅነታቸው እንደ ዕቃ የተሸጡት እኒህ ሰው ናቸው።

በ1904 ወደ ወለጋ ገቡ፤ የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርም በመልካም ተቀበሏቸው። ሕዝቡ በሚያስተውለው ቋንቋ ማስተማራቸው ግን በአካባቢው ካህናት ዘንድ ጥላቻን አመጣባቸው። እመቤታችን ማርያምን ይነቅፋሉ ተብለው ተከሰሱ፤ በ1906 በአዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው እንዲሰደዱ ተፈረደባቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ፤ እንዳይሰብኩ ግን ከለከሏቸው።

ጽኑው ፈተና በዚህ ላይ ነበረ። ያገኙት ፍትሕ ግማሽ ብቻ ነው፤ የሚኖሩትም በተከሰሱበት አገር ነው። ስብከት ቢከለከሉ በትምህርት ቤታቸው ልጆችን አስተማሩ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው፤ እስካረፉበት እስከ 1931 ድረስም ቃሉን አገለገሉ።

በልባቸው የነበረውን ተጋድሎ እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኛ የምናየው ሥራቸውን ነው። እኛ በሐሰት ስንከሰስ ስማችን እስኪነጻ ድረስ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን፤ ወይም ቂም ይዘን እንሸሻለን። እርሳቸው ግን የተከለከለው እስኪፈቀድ ድረስ የተፈቀደላቸውን ሠሩ። እንግዲህ ያለ በደል የሚጠላን ሰው ቢኖር ስሙን በጸሎታችን እናንሣ፤ የቀረልንንም ሥራ በትጋት እንሥራ። አሜን።