ኤልቪስ ፕሪስሊ፦ ተዋናይ መሆን የፈለገው ዘፋኝ

ባለፈው ሰሞን ከግድግዳ ጋዜጣችን ሥር ከተሰቀለችው የጥያቄ ሣጥን ውስጥ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አገኘን። ጠያቂው ስሙን አልጻፈም። ከጎንደር ወደ መተማ ሲመጣ አውቶቡሱ ውስጥ የዓለማየሁ እሸቴ ዘፈን ተከፍቶ እንደነበረ፣ አጠገቡ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ይህ እኮ የኢትዮጵያው ኤልቪስ ነው እንዳሉት፣ እሱ ግን ኤልቪስ ማን እንደሆነ መጠየቁን አፍሮ ገንዳ ውኃ እስኪደርስ የሚያውቅ መስሎ ራሱን ሲነቀንቅ እንደመጣ ይነግረናል። ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ዘፋኝ ይሁን የፊልም ሰው፣ እንድንገልጽለት ጠይቆናል።

እኛም የዝግጅት ክፍሉ አባላት ጥያቄው ቀላል መስሎን በግማሽ ገጽ መልሰን ልንገላገለው አስበን ነበር። ኋላ ግን ነገሩን ስናገላብጠው ሁለተኛዋ ጥያቄ፣ ዘፋኝ ነው ወይስ የፊልም ሰው የምትለዋ፣ ሰውየው ራሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲታገላት የኖረች ጥያቄ ሆና አገኘናት። ስለዚህ ቦታ ሰፋ አድርገን ወሰድን፤ የስፖርት ዓምድ አዘጋጃችን ይቅር ይበለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልን በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ዓለማየሁ ጥቂት እንበል። ዓለማየሁ እሸቴ በልጅነቱ የአሜሪካ ፊልም ልቡን የሰረቀው ልጅ ነበር። ጠጉሩንም አለባበሱንም እንደ ኤልቪስ ያደርግ ነበር። እንዲያውም ሆሊውድ ገብቼ ተዋናይ እሆናለሁ ብሎ ከቤቱ ጠፍቶ ባሕር ፍለጋ ወደ ኤርትራ እንደተጓዘና እንደተመለሰ ይነገራል። መተማ ለምንኖር ለእኛ ይህ ወሬ እንግዳ አይደለም፤ አንድ ሻንጣ አንጠልጥሎ ሕልሙን ተከትሎ ወደ ድንበሩ የሚሄድ ወጣት በመንገዳችን ሲያልፍ ስንቱን አይተናል። ለዓለማየሁ ሆሊውዱ ቀረና የፖሊስ ኦርኬስትራ ዘፋኝ ሆነ፤ በ1969 በአምሃ ሪከርድስ ሸክላ አስቀረጸ፤ በ2021 እስኪያርፍ ድረስም አገር ያከበረው ድምፃዊ ሆኖ ኖረ። ተዋናይ ልሁን ብሎ ተነሥቶ ዘፋኝ ሆነ ማለት ነው። ስሙን የተዋሰው ኤልቪስ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነበር፤ ዘፋኝ ሆኖ ሳለ ዋናው ምኞቱ ጥሩ ተዋናይ መባል ነበር።

ኤልቪስ አሮን ፕሪስሊ የተወለደው ታኅሣሥ 30 ቀን 1927 ዓ.ም. በደቡብ አሜሪካ ሳይሆን በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል፣ በሚሲሲፒ ግዛት ቱፔሎ በምትባል ከተማ ነው። ቤታቸው ሁለት ክፍል ያላት የእንጨት ጎጆ ነበረች። መንታ ወንድሙ ሞቶ ስለተወለደ ኤልቪስ ለእናቱ ለግላዲስ ብቸኛ ልጅ ሆኖ አደገ። አባቱ ቨርነን አጭበርብሮ በሞላው ቼክ ምክንያት የታሰረ ጊዜ ኤልቪስ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው ጊታር ተገዛለት። በ1948 ቤተሰቡ ኑሮ ፍለጋ ወደ ሜምፊስ ከተማ ተሰደደ።

ሜምፊስ ውስጥ ተማሪ ሳለ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱን ልብ በሉልን። ሲኒማ ቤት ውስጥ በጨለማ ባትሪ እያበራ ተመልካቹን ወንበር የሚያሳይ አስተናጋጅ ነበር። ከሥራ ባልደረባው ጋር ተጣልቶ ብዙም ሳይቆይ ተባረረ እንጂ፣ ለፊልም ፍቅሩ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አልነበረም። ቶኒ ከርቲስን፣ ማርለን ብራንዶን፣ በኋላም ጄምስ ዲንን እያየ አደገ። የጄምስ ዲንን ፊልም ቃለ ተውኔት በቃሉ ይወጣው ነበር ይባላል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በ1953 ሲጨርስ ግን ያገኘው እንጀራ የጭነት መኪና መንዳት ነበር።

የዘፋኝነቱን ታሪክ ሌሎች ብዙ ስለጻፉበት ቶሎ እንለፈው። በሐምሌ ወር 1954 ሳን በሚባል ትንሽ የሸክላ ማተሚያ ቤት የመጀመሪያ ዘፈኑን አስቀረጸ። የጥቁሮችን ብሉዝና የገጠር ነጮችን ዘፈን አዋሕዶ ሲያቀነቅነው ወጣቱ አበደ፤ ወላጅ ተቆጣ። በ1955 መጨረሻ ትልቁ አር ሲ ኤ ኩባንያ ውሉን በ35 ሺህ ዶላር ገዛው። ይህን ያዋዋለው ቶም ፓርከር ይባላል። ኮሎኔል ይባል እንጂ የጦር መኮንን አልነበረም፤ ትውልዱም ሆላንድ ነበር፤ የአሜሪካ ዜግነትም አልነበረውም። ይህን ሰው አንባቢያችን አይርሳው።

በ1956 የጸደይ ወራት ሃል ዋሊስ የተባለ የሆሊውድ ፊልም ሠሪ ኤልቪስን ጠርቶ በካሜራ ፊት ፈተነውና ውል አስፈረመው። ልጁ ደስታው ወሰን አጣ። ምኞቱ እንደ ብራንዶ፣ እንደ ጄምስ ዲን ሳይዘፍን መሥራት ነበር። የመጀመሪያ ፊልሙ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ዘመን ስለነበሩ ወንድማማቾች የሚተርክ ሲሆን፣ የተሰጠው የታናሽ ወንድም ቦታ ነበር። ለሥራው ሲመጣ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌሎቹንም ተዋንያን ቃል ሸምድዶ እንደመጣ ይነገርለታል። ይህን ስናነብ ለመጀመሪያ የማስተማር ልምምዳችን የወጣን ቀን ትዝ አለን፤ የአርባ ደቂቃውን ትምህርት እስከ ሰላምታው ድረስ በቃላችን ይዘን ገብተን አልነበረምን?

ታዲያ ምን ዋጋ አለው፤ ፊልሙ ውስጥ አራት ዘፈን ጨመሩበት። ከአራቱ አንዱ ከመታየቱ በፊት ስለገነነ የፊልሙን ስም እንኳ ቀይረው በዘፈኑ ስም «ላቭ ሚ ቴንደር» አሉት። ታናሽ ወንድም መጨረሻ ላይ ይሞታል። አድናቂዎቹ ይህን አልወደዱም፤ ስለዚህ ከሞተ በኋላ ምስሉ እንደ ጥላ ብቅ ብሎ ሲዘፍን የሚያሳይ ትርኢት ተጨመረ። ገና ከመጀመሪያው ተዋናዩ እንዲሞት ቢፈቀድለትም ዘፋኙ እንዲሞት አልተፈቀደለትም።

በ1957 «ላቪንግ ዩ» እና «ጄይልሃውስ ሮክ» ተከተሉ። በፊተኛው ፊልም እናትና አባቱ በተመልካች መሐል ተቀምጠው ይታያሉ። በ1958 ግን ከሁሉ የላቀው መጣ፤ «ኪንግ ክሪኦል»። አዘጋጁ «ካዛብላንካ»ን ያዘጋጀው ማይክል ከርቲዝ ነበር። ቀድሞ ለጄምስ ዲን የታሰበ ታሪክ ነው። ኤልቪስ ከደካማ አባትና ከወንበዴዎች መካከል የተያዘውን የኒው ኦርሊንስ ጎረምሳ ሆኖ ሲሠራ፣ ሥራዬ ብሎ የሚመራው ሰው ካገኘ የትኛው ደረጃ እንደሚደርስ ታየ። ለውትድርና ተጠርቶ ስለነበር ይህን ፊልም እስኪጨርስ ሁለት ወር ያህል ጊዜ ተሰጠው። በመጋቢት 1958 ዘመተ። በነሐሴ እናቱ ሞተች። ከዚያ በኋላ እሷ የምትታይበትን ፊልም ዳግመኛ ማየት አልፈለገም ይባላል።

ጀርመን አገር አገልግሎ በ1960 ሲመለስ ሁለት መንገድ ቆየው። የመጀመሪያው «ጂ አይ ብሉዝ» ነው፤ የወታደር ልብስ፣ ቆነጃጅት፣ ብዙ ዘፈን። ሁለተኛው «ፍሌሚንግ ስታር» ነው፤ በዶን ሲገል የተዘጋጀ፣ ከሕንድ እናትና ከነጭ አባት ተወልዶ በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚቃጠል ወጣት ታሪክ፣ ዘፈኑ እጅግ ጥቂት። በዓመቱ ደግሞ ታዋቂው ጸሐፌ ተውኔት ክሊፈርድ ኦዴትስ በጻፈው «ዋይልድ ኢን ዘ ካንትሪ» ሠራ። ተመልካቹ የፈረደው ግን ወዲያ ነው። ዘፈን ያነሰባቸው በገቢ አነሱ። በ1961 የወጣው «ብሉ ሃዋይ» ግን ገንዘቡን እንደ ጎርፍ አመጣው፤ የዘፈኖቹም ሸክላ በአሜሪካ ለ20 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ።

ፓርከር ሒሳቡን ጨርሶ አየው። ፊልሙ ሸክላውን ይሸጣል፣ ሸክላው ፊልሙን ይሸጣል፤ ከዚህ ወዲያ ተዋናይነት ለምን? ከየፊልም ኩባንያው ጋር የብዙ ዓመትና የብዙ ፊልም ውል ተፈረመ። እኛ ቆላ የምንኖር ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በክረምት ለአረምና ለቀን ሠራተኛ ገንዘብ ያጠረው ገበሬ ሰሊጡ ገና ማሳው ላይ ቆሞ ሳለ ከነጋዴ ይወስዳል፤ ሰሊጡ ሲደርስ ዋጋው ቢወደድም እህሉ የሱ አይደለም። የኤልቪስም ዓመታት እንዲሁ ሳይደርሱ የተሸጡ ነበሩ። ልዩነቱ ገበሬው ቸግሮት ነው፤ ኤልቪስ ግን በአንድ ፊልም እስከ አንድ ሚሊዮን ዶላር ይከፈለው ነበር። ፓርከርም መጀመሪያ ሩቡን፣ ከ1967 ጀምሮ ደግሞ ከብዙው ገቢ ግማሹን ይወስድ ነበር።

ከ1956 እስከ 1969 በጠቅላላው 31 የታሪክ ፊልሞች ሠርቷል። 27ቱ የ1960ዎቹ ናቸው፤ በዓመት ሦስት ያህል መሆኑ ነው። አንዳንዱ ከሦስት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ተቀርጾ ያልቅ ነበር። በአንዱ የመኪና እሽቅድምድም ነጂ፣ በሌላው አሣ አጥማጅ፣ በሌላው ፓይለት ይሆናል፤ ልብሱ ተለወጠ እንጂ ሰውየው ያው ነው፤ ይጣላል፣ ያፈቅራል፣ ይዘፍናል። ለመምህራን ይበልጥ የሚገባንን እንጥቀስ። በ1967 በወጣው «ደብል ትራብል» ውስጥ ኦልድ ማክዶናልድ የተባለውን የሕፃናት መዝሙር፣ የላሟንና የዶሮዋን ድምፅ የሚያስመስሉበትን፣ እንዲዘፍን ተደረገ። ከ30 ዓመት ያለፈ ጎልማሳ፣ የሮክ ንጉሥ የተባለ ሰው! መዝሙሩ በአንደኛ ክፍል ጥሩ መዝሙር ነው፤ እኛም እናስተምረዋለን። ኤልቪስ ግን በዚህ እጅግ እንደተዋረደ ተሰምቶት ነበር ይባላል።

ዘፋኝ በፊልም መሥራቱ በራሱ ነውር የለበትም። ከድንበራችን ባሻገር ሱዳኖች ልባቸውን የሰጡት ግብጻዊው አብደል ሐሊም ሐፊዝ ከ1955 እስከ 1969 ድረስ 16 ፊልም ሠርቶ በዘፈኑም በትወናውም ተወዷል። በአሜሪካም ፍራንክ ሲናትራ ሳይዘፍን በሠራው የወታደር ታሪክ በ1953 ፊልም የኦስካር ሽልማት ወስዷል። መንገዱ ነበረ ማለት ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? በዚህ ላይ የዝግጅት ክፍላችን ለሁለት ተከፍሎ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ተከራክሯል። አንዳንዶቻችን ጥፋቱን ሁሉ በፓርከር ላይ ጣልን። ሌሎቻችን ደግሞ ብዕሩን ይዞ የፈረመው እኮ ኤልቪስ ራሱ ነው፣ እምቢ ማለት ይችል ነበር አልን። የኋላ ኋላ የተስማማንበት ነገር ቢኖር ሌላ ነው። ይህ ሰው የትወና ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም። ያስተማሩት በየሥራው ያገኛቸው አዘጋጆች ናቸው፤ ከርቲዝም ሲገልም ከእሱ ጋር የሠሩት አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ልምምድ ላይ ያለ መምህር አንድ ቀን ብቻ ጥሩ ተቆጣጣሪ መጥቶ አይቶት፣ ስሕተቱን ነግሮት፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ማንም ባይጎበኘው ምን ይሆናል? በመጀመሪያው ቀን የሸመደደውን እየደጋገመ ይኖራል። የሌሎቹን ቃል ሁሉ ሸምድዶ የመጣው ያ ትጉህ ልጅ በኋለኞቹ ዓመታት የራሱን እንኳ በግዴታ የሚል ሰው መሆኑ ያሳዝናል።

በታኅሣሥ 1968 በቴሌቪዥን በቀረበ ልዩ ዝግጅት፣ ጥቁር ቆዳ ለብሶ በትንሽ መድረክ ላይ እንደ ጥንቱ ሲያቀነቅን ዘፋኙ ከሞት ተነሣ። በሚቀጥለው ዓመት «ቻሮ» በተባለው የምዕራብ አገር ፊልም ጢሙን አሳድጎ፣ በታሪኩ ውስጥ አንድም ጊዜ ሳይዘፍን ሠራ። ምኞቱ ደረሰ፤ ግን ፊልሙ ደካማ ነበር። በዚያው ዓመት በ«ቼንጅ ኦቭ ሃቢት» ሐኪም ሆኖ ሠርቶ የታሪክ ፊልም በቃው። ከዚያ በኋላ በፊልም የታየው ራሱን ኤልቪስን ሆኖ መድረክ ላይ ሲዘፍን ብቻ ነው።

አንድ በር ግን እንደገና ተንኳኳ። በ1975 ባርብራ ስትራይሳንድ ላስ ቬጋስ ድረስ መጥታ «ኤ ስታር ኢዝ ቦርን» በተባለው ፊልም አብሯት እንዲሠራ ጠየቀችው። የሚሠራው ክብሩ እየጠለቀ ያለ፣ መጠጥ የጎዳው ዘፋኝ ሆኖ ነበር። ሐሳቡ ልቡን ነክቶት ነበር። ፓርከር ግን ከባድ የገንዘብና የስም አቀማመጥ ጥያቄ አቀረበና ነገሩ ፈረሰ። ቦታውን ሌላ ዘፋኝ፣ ክሪስ ክሪስቶፈርሰን፣ ወሰደው፤ በ1976 ሲወጣም ፊልሙ ብዙ ተመልካች አገኘ። ኤልቪስ በዚያን ጊዜ ሰውነቱ ወፍሮ፣ በሐኪም በሚታዘዝ መድኃኒት ብዛት ተጎድቶ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ይዘፍን ነበር። በሕይወት ዘመኑ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ መድረክ ላይ አልዘፈነም። ነሐሴ 10 ቀን 1969 ዓ.ም. በሜምፊስ በመኖሪያ ቤቱ በግሬስላንድ በ42 ዓመቱ አረፈ። አብደል ሐሊምም በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ነበር የሞተው።

ጠያቂያችን ሆይ፣ መልሳችን ከጥያቄህ ረዘመ። ከፊልሞቹ አንዱን የማየት ዕድል ብታገኝ ከ«ኪንግ ክሪኦል» ጀምር፤ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነው። አዛውንቱንም በመንገድ ካገኘሃቸው አሁን አንተ ጀምርላቸው። የጥያቄ ሣጥኗ ዓርብ ዓርብ ትከፈታለች፤ ስም መጻፍ አያስቀጣም።