ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፤ የንግድ ሊቅና የጉምሩክ ሹም

ስለ ኢትዮጵያ ንግድና ሀብት በሥርዓት አስበው ሐሳባቸውን በአማርኛ መጽሐፍ ያሰፈሩ ሰዎች ሲቆጠሩ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በፊተኛው ረድፍ ይገኛሉ። በዚህ ዓለም የቆዩት ሠላሳ ሦስት ዓመት ለሚያህል ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ከዚሁም አብዛኛው በስደትና በትምህርት ስላለፈ ለሥራና ለጽሕፈት የተረፋቸው ዘመን እጅግ አጭር ነበር። ሆኖም በዚያ አጭር ዘመን ያነሡት ጥያቄ ቀላል አይደለም። በራሱ ገንዘብና በራሱ ብልሃት ሥራ የሚጀምር ነጋዴ፣ ባለእጅና ገበሬ በአንድ አገር እንዲበረክት መንግሥት ምን ሊያደርግለት፣ ከምንስ እጁን ሊሰበስብለት ይገባል? ጥያቄውን ከሌሎች ልዩ የሚያደርገው ደግሞ ጠያቂው ራሳቸው ኋላ የጉምሩክ ሹም ሆነው ቀረጥ ከሚቀበልበት ወንበር ላይ መቀመጣቸው ነው።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ባይከዳኝ የአፄ ዮሐንስ ወታደር ነበሩና በ1881 ዓ.ም. በመተማው ጦርነት ወደቁ። ወቅቱ የከብት እልቂትና ረኃብ ሰሜኑን ያራቆተበት፣ እስከ ዛሬ ክፉ ቀን እየተባለ የሚነገርለት ዘመን ነበር። አባት የሌለው ልጅ በምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል ቆጠረ። ከዚያ በኋላ የሆነው ተረት ይመስላል። ከምጽዋ ወደብ መርከብ ተሳፍረው አውሮፓ እንደ ደረሱ፣ የመርከቡም አዛዥ ለአንድ ባለጸጋ የኦስትሪያ ቤተ ሰብ እንደ ሰጣቸው፣ ቤተ ሰቡም እንደ ልጅ አሳድጎ እንዳስተማራቸው ይተረካል። የጀርመንኛ ቋንቋ አጥንተው በበርሊን የሕክምና ትምህርት ተከታተሉ። ይህ የሕክምና ትምህርት በኋላ ጽሑፋቸው ላይ ጥላውን ያሳረፈ ይመስላል፤ የአገራቸውን ድኅነት እንደ በሽታ ምንጩን ፈልገው ሊደርሱበት እንጂ በስብከት ሊያባርሩት አልሞከሩምና።

ወደ አገራቸው ተመልሰው በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በታመሙበት ጊዜ ግን ግቢው በአሉባልታና በሽኩቻ ተሞልቶ ነበርና ገብረ ሕይወት አገር ለቀው በእንግሊዞች ይገዛ ወደ ነበረው ሱዳን ተሰደዱ። እ.ኤ.አ. በ1912 አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ የተባለው ጽሑፋቸው አሥመራ ላይ ታትሞ ወጣ። ጽሑፉ ያለፉትን ነገሥታት ሥራ ከመዘነ በኋላ ወደ ወጣቱ አልጋ ወራሽ ወደ ልጅ ኢያሱ ዞሮ ሊደረግ የሚገባውን ይዘረዝራል። ግብር በልክ እንዲወሰን፣ የመንግሥት ሀብት ከንጉሡ የግል ሀብት እንዲለይ፣ ጉምሩክ አንድ ሥርዓት እንዲይዝ፣ የገንዘብ ዓይነት እንዲስተካከል፣ ትምህርት እንዲስፋፋ፣ የሃይማኖት ነጻነት እንዲከበር ይጠይቃል። በዚያን ዘመን በስደት ላይ ያለ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት እንዲህ ያለውን ነገር በሕትመት ማውጣቱ ድፍረት ነው።

ጥያቄዎቹ ከመጽሐፍ የተቀዱ እንዳልነበሩ ለመረዳት የዘመኑን ነጋዴ ኑሮ መመልከት ያስፈልጋል። ከጎጃም ወይም ከከፋ ተነሥቶ ቡና፣ ማር፣ ሰም፣ ቆዳ በበቅሎ ጭኖ የሚጓዝ ሲራራ ነጋዴ በየወንዙ መሻገሪያና በየአምባው በር ኬላ ይጠብቀዋል። አንዱ ኬላ የንጉሡ ነው፤ ሌላው የራሱ የመኳንንቱ ነው፤ ሦስተኛው በርስትም በልማድም የአንድ ባላባት ነው። ቀረጡ በጽሑፍ ተወስኖ በበሩ ላይ ስላልተለጠፈ የሚከፈለው እንደ በረኛው ፈቃድና እንደ ነጋዴው ልመና ይለያያል። ከቀረጡ በላይ እጅ መንሻ አለ፤ ከእጅ መንሻው በላይ የሚባክነው ቀን አለ፤ በሚባክነውም ቀን የበቅሎው ቀለብ አለ። ነጋዴው ከቤቱ ሲወጣ ትርፉን ቀርቶ ወጪውን እንኳ አስቀድሞ ማስላት አይችልም። በዚህ ላይ በሀብቱ ከተሰማ የሹም ዓይን ያርፍበታል፤ ስለዚህ ያገኘውን በሥራ ላይ ከማዋል መሬት ውስጥ መቅበርን ይመርጣል። ባለእጁማ ሥራው ራሱ ስድብ ነበር። አንጥረኛውና ሸማኔው ጠይብና ቡዳ ሲባል የኖረበትን ልማድ ለመግታት አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ውል ተፈረመ። በፈራሚው በክሎቡኮቭስኪ ስም የሚታወቀው ይህ ውል ከውጭ በሚገባው ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ በአጠቃላይ ከመቶ 10 እንዳይበልጥ ወሰነ፤ የውጭ አገር ተወላጅ በክርክር ጊዜ የቆንስሉን ጥበቃ እንዲያገኝም አደረገ። ሌሎቹም መንግሥታት የዚሁ ጥቅም ተካፋይ ሆኑ። ከዚህ የተገኘው ውጤት በቁጥር አስተማሪነት ቢነገር የሚያስደንቅ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው አቡጀዲ አንድ ጊዜ የታወቀ ቀረጥ ከፍሎ ሲገባ፣ በአገር ሰው የተሸመነው ጥቢኮ ግን ከአንዱ ጠቅላይ ግዛት ወደ ሌላው ለማለፍ ስንት ጊዜ እንደሚከፍል ባለቤቱ አያውቅም። የአርመኑ፣ የግሪኩና የሕንዱ ነጋዴ ቆንስል ወይም ጠባቂ መንግሥት ነበረው፤ የጎንደሩ ጀበርቲ ግን ደጅ ከመጥናት ሌላ መንገድ አልነበረውም። የውጭው ነጋዴ በለጠ ሲባል ብልሃቱን ብቻ የሚያመሰግኑ ሰዎች ይህን ልዩነት ይዘነጉታል።

ገብረ ሕይወት ከስደት ከተመለሱ በኋላ የጅቡቲውን ምድር ባቡር እንዲመረምሩ ታዘዙ፤ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ተሾሙ። ነጋድራስ ማለት በጥንቱ ልማድ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነው። የሲራራው መሪ፣ ቀረጥ ሰብሳቢና የንግድ ነገር ዳኛ ይሆናል። ድሬዳዋ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. በደረሰባት ቦታ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስከ ገባበት እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻዋ ታላቅ ጣቢያ እርስዋ ስለ ነበረች፣ በባቡር የመጣው ዕቃ ለግመልና ለበቅሎ የሚታደለው፣ የደጋው ቡናና ቆዳም ወደ ባሕር የሚወርደው በእርስዋ በኩል ነበር። በዚህም ምክንያት በዚያች ከተማ ቀረጥ የሚቀበል ሹም የአገሪቱን የውጭ ንግድ አብዛኛውን ክፍል በዓይኑ ያያል። ምን ወጣ? ምን ገባ? ማን አተረፈ? እነዚህ ነገሮች ለሌላው ጸሐፊ ወሬ ሲሆኑ ለነጋድራስ ገብረ ሕይወት የዕለት መዝገብ ነበሩ።

መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው ዋናው መጽሐፋቸው ኃይሉን ያገኘው ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። በዚህ መጽሐፍ ሀብት ማለት ወርቅና ብር ማከማቸት አይደለም። ሰው ተፈጥሮ የሰጠችውን በሥራው ለጥቅሙ ሲያውለው የሚገኝ ነገር ነው፤ የሥራው ፍሬ የሚበዛው ደግሞ በዕውቀት ነው። ከዚህ ተነሥተው ወደ ንግድ ይሻገራሉ። ዕውቀት ያለው ሕዝብ ዕውቀት ከሌለው ጋር ሲገበያይ፣ ያልተማረው ብዙ ድካም ሰጥቶ ጥቂት ድካም ይቀበላል። ለማስረዳት ያህል፣ አንድ የሐረርጌ ገበሬ ሲኮተኩት፣ ሲለቅምና ሲያደርቅ የባጀበትን ቡና ሸጦ የሚገዛው አቡጀዲ፣ በባሕር ማዶ መኪና በጥቂት ሰዓት ተሠርቶ የወጣ ሊሆን ይችላል። ንግዱ ከዓመት ዓመት ቢሰፋም ስፋቱ ብቻውን አገሪቱን አያበለጽግም፤ እንዲያውም ጥሬ ዕቃ ብቻ የምትሸጥ አገር ብዙ በሸጠች ቁጥር ለሌላው ብዙ ልትደክም ትችላለች። ለዚህ ችግር ቅርብ የሆነ ሐሳብ በዓለም የኢኮኖሚ ጽሑፍ ዘንድ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1950 አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽና ሃንስ ዚንገር ስለ ጥሬ ዕቃ ዋጋ መውደቅ ከጻፉ በኋላ ነው። እነርሱ ዋጋን በስታቲስቲክስ ሲከታተሉ፣ ገብረ ሕይወት ግን የነገሩን ሥር በዕውቀት ላይ ጥለውታል።

ስለዚህ በምድር ባቡሩ መምጣት ብቻ አልተደሰቱም። 784 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ሐዲድ በፈረንሳይ ኩባንያ እጅ ነበር። በአገሩ ውስጥ ሠርቶ የሚሸጥ ሕዝብ ከሌለ ሐዲድ የተፈጥሮን ሀብት ፈጥኖ ማውጫ፣ የተሠራን ዕቃ ፈጥኖ ማስገቢያ ከመሆን አያልፍም። በገንዘብም ረገድ አገሪቱ በሰው እጅ ነበረች። ገበያው የሚያምነው በኦስትሪያ መልክ የተቀረጸውን የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ሲሆን፣ ዋጋው በዓለም የብር ገበያ ይወጣ ይወርዳል፤ ለዝርዝር የሚያገለግለው አሞሌ ጨው ደግሞ ከመገኛው በራቀ ቁጥር ይወደዳል። የአፄ ምኒልክ ብር ቢታተምም ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክም የሃምሳ ዓመት ብቸኛ መብት የተሰጠው፣ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር የተሳሰረ ድርጅት ነበር። አንድ የአገር ተወላጅ ወርክሾፕ ልክፈት፣ ወፍጮ ልትከል ቢል ገንዘቡን ከወዴት ያገኛል?

በዘመኑ የነበሩ ምሁራን ጃፓንን እንደ አርአያ ማንሣት ያዘወትሩ ነበር፤ ገብረ ሕይወትም ከእነርሱ ጋር ይቆጠራሉ። እርሳቸው ግን ከጃፓን የወሰዱት መድፉንና መርከቡን ሳይሆን፣ መንግሥቱ ሕዝቡን በትምህርትና በሥርዓት ለሥራ ማዘጋጀቱን ነው። ይሁን እንጂ በአስተሳሰባቸው ደካማ ጎን አይጠፋም። መድኃኒቱን ሁሉ ከላይ፣ ካወቀና ከነቃ ንጉሥ እጅ ይጠብቃሉ፤ ነጋዴውና ገበሬው በራሳቸው ማኅበር ተባብረው ሹሙን በሕግ እንዴት ሊገቱት እንደሚችሉ የሚሉት ጥቂት ነው። ስለ ሕዝቡ አለማወቅ ሲጽፉም ምሬታቸው ከልክ የሚያልፍበት ቦታ አለ፤ ያ አላወቀም የተባለው ነጋዴ በዚያ ሁሉ ኬላ መካከል አልፎ ማትረፉ ራሱ ታላቅ ዕውቀት ይጠይቅ ነበርና። በተረፈ አንድ ነጋድራስ የራሱ ወንበር የቆመበትን ሥርዓት ሲነቅፍ ማየት በጽሑፋችን ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በሰኔ 1911 ዓ.ም. ዐረፉ። ዋናው መጽሐፋቸው በእጅ ጽሑፍ ቀርቶ ነበርና የታተመው ከአምስት ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ከጠየቁትም አንዳንዱ ቀስ በቀስ ተፈጸመ። የአቢሲኒያ ባንክ በ1923 ዓ.ም. በመንግሥት ተገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም. የወጣው የጉምሩክ አዋጅ ቀረጡን በአንድ ማዕከላዊ ሥርዓት ሥር አደረገ፤ በሐምሌ 1937 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጥቶ ጠገራውን ከሥራ ማስወጣት ጀመረ። መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1995 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደን ላይ ታተመ።