ዋልተን ሊለሃይ

ክላረንስ ዋልተን ሊለሃይ (ኦክቶበር 23 ቀን 1918 – ጁላይ 5 ቀን 1999 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የልብ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። ልብን ከፍቶ በማከም ረገድ ፈር ቀዳጅ ከሚባሉት አንዱ ናቸው። የልብ ምት ማስተካከያ (ፔስሜከር) የተገጠመላቸው ሕፃናት ከአልጋ ወርደው እንዲንቀሳቀሱ ያስቻለው በባትሪ የሚሠራ መሣሪያም የተሠራው በእርሳቸው ጥያቄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሕይወት ታሪክ

በሚኒያፖሊስ ከተማ ተወልደው በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰሜን አፍሪካና በጣልያን በጦር ሐኪምነት አገለገሉ። በ1950 ካንሰር ተገኝቶባቸው ከከባድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ተረፉ።

የልብ ቀዶ ሕክምና

በ1954 የሕፃኑን የደም ዝውውር ከሌላ ጤናማ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጁ ጋር በቱቦ አገናኝተው ቀዶ ሕክምና ማድረግ ጀመሩ። ሐኪሞቹ የሕፃኑን ልብ ሲጠግኑ የወላጁ ልብና ሳንባ ለሁለቱም ይሠሩ ነበር። የመጀመሪያው ሕፃን ከ11 ቀን በኋላ በሳንባ ምች ሞተ። ዘዴው ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ሊገድል ይችላል ተብሎም ተተቸ። ሆኖም በዚህ ዘዴ ከታከሙት 45 ሰዎች 28ቱ ተርፈው ከሆስፒታል ወጡ። በ1955 ባልደረባቸው ሪቻርድ ዴዎል ደምን ከኦክስጅን ጋር የሚያዋሕድ ቀላል መሣሪያ ሲሠሩ፣ ወላጅን ማገናኘት ቀረ።

የሕፃናት ፔስሜከር

በልብ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ሲሰፋ፣ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያስተላልፈው መስመር አንዳንዴ ይጎዳና የልብ ምት በጣም ይቀንስ ነበር። ሊለሃይ በ1957 ቀጭን ሽቦ ከልብ ጡንቻ ጋር አያይዘው ምቱን ከውጭ በኤሌክትሪክ መምራት ጀመሩ። ልቡ ሲያገግም ሽቦው ተስቦ ይወጣል። መሣሪያው ግን ትልቅና በግድግዳ ሶኬት የሚሠራ ስለነበር፣ ሕፃኑ ከገመዱ ርዝመት በላይ መራቅ አይችልም፤ መብራት ከጠፋም ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ኦክቶበር 31 ቀን 1957 በሚኒያፖሊስ መብራት ለሰዓታት ጠፋ። ሊለሃይ ከዚህ በኋላ የሆስፒታሉን መሣሪያዎች ይጠግን የነበረውን የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ኧርል ባከንን መፍትሔ እንዲፈልግ ጠየቁት። ባከን ለሜትሮኖም የታሰበ የትራንዚስተር ሰርኪዩት አሻሽሎ፣ በአራት ሳምንት ገደማ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሣጥን ሠራ። በውሻ ላይ በተሞከረ ማግስት አንዲት ሕፃን ተገጠመላት። ሕፃናቱ ሣጥኑን በማንገቻ ይዘው መንቀሳቀስ ቻሉ። በኋላ በተሠራው ሞዴል፣ ልጆች ነካክተው የምቱን ፍጥነት እንዳይለውጡ ማዞሪያዎቹ ወደ ውስጥ እንዲገቡ ተደረገ።

የኋላ ዘመን

ካሠለጠኗቸው ሐኪሞች መካከል ክርስቲያን ባርናርድና ኖርማን ሻምዌይ ይገኙበታል። በ1967 ወደ ኒው ዮርክ ተዛወሩ። በ1973 ግብር በመሰወር ተከሰው ተፈረደባቸው። በ80 ዓመታቸው በሚኒሶታ አረፉ።