ጆን ሃኒንግ ስፒክ፤ ስሙ በአራዊት ላይ የቀረ አዳኝ

ሰው ከሞተ በኋላ ስሙ የሚቀርበት ቦታ ልዩ ልዩ ነው። የአንዱ በሐውልት ላይ፥ የሌላው በመንገድ ላይ፥ የሌላውም በመጽሐፍ ላይ ይቀራል። ሕይወቱን ባጭሩ የምናቀርበው ሰው ስሙ በመጽሐፍም በሆቴልም ላይ አለ፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ስሙ በአራዊት ላይ መቅረቱ ነው። ይኸውም የዓባይን ምንጭ ፍለጋ በአፍሪካ የተጓዘው እንግሊዛዊ መኮንን ጆን ሃኒንግ ስፒክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ እንዲያውቅልን እንለምናለን።

የዚህን ሰው ሕይወት እንድመረምር ያነሣሡኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሳስተምር የገጠመኝ ነው። ለመጥፋት ስለ ተቃረቡ አራዊት በሚናገረው ምዕራፍ ዕጩ መምህራኑ የአራዊቱን ስም በቃላቸው ያጠናሉ፤ ፈተናውንም ያልፋሉ። ነገር ግን ካጠኗቸው አራዊት ውስጥ በገዛ አገራቸው የሚኖረው የትኛው እንደ ሆነ በጠየቅኋቸው ጊዜ ብዙዎቹ ዝም አሉ። ጥፋቱ የእነርሱ ሳይሆን የእኔ ነበረ፤ ስሙን እንጂ እንስሳውን አላስተማርኋቸውም ነበርና። ሁለተኛው ለመምህራን ስብሰባ ወደ ካምፓላ በሄድሁ ጊዜ ያየሁት ነው። ከከተማዪቱ በስተ ደቡብ፥ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፥ ሙንዮንዮ የሚባል ሥፍራ አለ። በ2010 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች የተሰበሰቡበት ታላቅ ማረፊያ በዚያ ይገኛል፤ ስሙም ስፒክ ሪዞርት ይባላል። በሐይቁ ዳር ቆሜ ሳለሁ ስሙን ከዚህ ቀደም የት እንዳየሁት ትዝ አለኝ፤ በዚያው ባስተማርሁት ምዕራፍ ውስጥ፥ ከአንዲት የሜዳ ፍየል ስም አጠገብ ነበረ።

ስፒክ በግንቦት ወር 1827 በእንግሊዝ አገር በዴቨን አውራጃ ተወለደ። በ17 ዓመቱ፥ በ1844፥ በሕንድ አገር ወደ ነበረው የእንግሊዝ ጦር ገባ፤ በፑንጃብም ጦርነት ተዋጋ። ዕረፍት ባገኘ ቍጥር ጓደኞቹ ወደ ከተማ ሲወርዱ እርሱ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ሂማላያ ተራሮችና ወደ ቲቤት ይወጣ ነበር። እዚያም እያደነ ቆዳና ቀንድ ይሰበስብ ነበር፤ ምኞቱም በአባቱ ቤት የአራዊት ሙዚየም ማቋቋም ነበረ። በዚያ ዘመን ሳይንስ እንስሳን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ገድሎ ነበርና፥ አዳኝነቱና ዕውቀት ወዳድነቱ በእርሱ ዘንድ አንድ ነገር ነበሩ። ይህን ሳያስቡ በእርሱ ላይ መፍረድ ትክክል አይሆንም።

በ1854 ስፒክ ከሪቻርድ በርተን ጋር ወደ ሶማሌ ጠረፍ መጣ። በርተን በጥር 1855 ሐረር ሲገባ ስፒክ በበኩሉ የዋርሰንገሊ ሶማሌዎች ወደሚኖሩበት ምድር ዘልቆ አራዊትንና አዕዋፍን ሰበሰበ። ከሰበሰባቸውም ውስጥ አንዲት ትንሽ የሜዳ ፍየል ነበረች። የዚህች እንስሳ ልዩ ጠባይዋ በአፍንጫዋ ላይ ያለው የተሸበሸበ ቆዳ ነው፤ በደነገጠች ጊዜ አፍንጫዋን ነፍታ እንደ ጥይት ተኩስ ያለ ድምፅ ታሰማለች። የስብስቡን ዝርዝር በካልካታ የመረመረው ኤድዋርድ ብላይዝ የተባለ ሊቅ በ1863 ለዚህች እንስሳ የስፒክን ስም ሰጣት። በምሥራቅ አፍሪካ ጎጆዋን የምትሸምን አንዲት ወፍ፥ በእኛም አገር ቆላ በዐለት መካከል የሚኖር አይጥ መሰል እንስሳ እንዲሁ በስሙ ይጠራሉ። ሶማሌዎች ግን ስፒክ ከመምጣቱ አስቀድሞ የሜዳ ፍየሊቱን ዴሮ ይሏት ነበር።

በሚያዝያ 1855 በበርበራ አጠገብ የነበረው ሰፈራቸው ሌሊት ተወረረ። አንድ ጓደኛቸው ሞተ፤ በርተን ጉንጩን በጦር ተወጋ፤ ስፒክም ተይዞ ታሰረ፤ በዐሥራ አንድ ሥፍራ ከተወጋ በኋላ እየሮጠ አመለጠ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍሪካን ዳግመኛ ባላየ ነበር። ስፒክ ግን በ1857 ከዚያው ከበርተን ጋር ተመልሶ በየካቲት 1858 ታንጋኒካ ሐይቅ ደረሰ፤ በዚያን ጊዜም ዐይኑ ታምሞ ሐይቁን አጥርቶ ማየት አልቻለም ነበር። በርተን በሕመም ሲቀር ስፒክ ለብቻው ወደ ሰሜን ተጕዞ ነሐሴ 3 ቀን 1858 ታላቁን ሐይቅ አየ፤ በንግሥቱም ስም ቪክቶሪያ አለው። የዓባይ ምንጭ ይህ ነው ብሎም አመነ። በርተን ማስረጃ የለም በማለት ተቃወመው፤ ወዳጅነታቸውም ፈረሰ።

ስፒክ ማስረጃውን ለማግኘት በ1860 ከጄምስ ግራንት ጋር እንደ ገና መጣ። በዚህ ጕዞ የሰዎቹ አለቃና አስተርጓሚ የነበረው ሲዲ ሙባረክ ቦምቤይ ነው። ይህ ሰው በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ወደ ሕንድ የተወሰደ፥ ኋላም ነፃ የወጣ አፍሪካዊ ነበረ፤ በምሥራቅ አፍሪካ ምድር ከተመላለሱት አውሮፓውያን የብዙዎቹ ስኬት የእርሱ ድካም ነው። በካራግዌ አገር ንጉሥ ሩማኒካ በመልካም ተቀበላቸው። ስፒክ በዚያ አውራሪሶች ገድሎ ራሳቸውን ለንጉሡ አበረከተ። ደግሞም ከአጋዘን ጋር የሚዛመድ፥ ሰኰናው ረጅምና የተከፈለ፥ በረግረግና በደንገል ውስጥ የሚኖር እንስሳ አገኘ። የአውሮፓ ሊቃውንት ለዚህም የስፒክን ስም ሰጡት። ነገር ግን በቡጋንዳ ይህ እንስሳ እንጆቤ ይባላል፤ በስሙ የሚጠራ ነገድም አለ። የነገዱ ተወላጆች ሥጋውን መብላት የተከለከሉ ናቸው። ለጉማሬ፥ ለአንበሳ፥ ለዝሆን፥ ለጎሽም እንዲሁ በየስማቸው የሚጠሩ ነገዶች አሉ። እንግዲህ ስፒክ ስም የሌለው እንስሳ አላገኘም፤ ስምም ሕግም ያለውን እንስሳ አገኘ እንጂ።

በየካቲት 1862 ስፒክ ወደ ቡጋንዳ ንጉሥ ወደ ሙቴሳ ቤተ መንግሥት ደረሰ። ካመጣቸው ገጸ በረከቶች ንጉሡን ከሁሉ ይልቅ ያስደሰቱት ጠመንጃዎች ነበሩ። ሙቴሳ በግቢው የሚመላለሱ አራት ላሞች እንዲገደሉለት ጠየቀ፤ ስፒክም በሽጉጥ ገደላቸው። ከዚያ በኋላ ንጉሡ አንዱን ጠመንጃ አጕርሶ ለአንድ ትንሽ ልጅ ሰጠውና በውጭው ግቢ ሄዶ ሰው እንዲገድል አዘዘው። ልጁ ሄደ፤ ገድሎም እየተደሰተ ተመለሰ። የተገደለው ማን እንደ ሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ስፒክ ይህን ራሱ ጽፎ አስቀርቶታል። ላሞቹን ለጨዋታ በገደለበት መሣሪያ ሰው ለጨዋታ ሲሞት ማየቱ በሕይወቱ ውስጥ ከሁሉ የከበደ ትምህርት ሊሆን ይገባው ነበር፤ ይሁን እንጂ ስጦታው አንድ ጊዜ ከእጁ ወጥቷል።

በሚያዝያ ወር ሙቴሳ ስፒክን ይዞ በሐይቁ ላይ ወጣ። የሄዱበት የሐይቅ ክንድ ስፒክ በአንድ ስኮትላንዳዊ ሊቅ ስም መርቺሰን ያለው ነው፤ ዛሬ ሙንዮንዮ የሚገኘው በዚሁ ክንድ ዳር ነው። በዚህ ሽርሽር ከንጉሡ ሚስቶች አንዲቱ ፍሬ ቈርጣ በደስታ አቀረበችለት። ሴት ለንጉሥ እንዲህ ማቅረብ አልተፈቀደላትም ብሎ ሙቴሳ ተቈጣ፤ እንድትገደልም አዘዘ፤ ራሱም በበትር ይመታት ጀመር። ስፒክ ግን መካከል ገብቶ የንጉሡን ክንድ ያዘ፤ ነፍሷንም ለመነ። ሙቴሳ ሣቀና ተዋት። በዚያን ቀን ስፒክ ምንም አላደነም፤ ምንም ቦታ አልሰየመም፤ አንዲት ነፍስ ግን አዳነ። በእኔ አስተያየት ከሕይወቱ ሁሉ ይህ ሰዓት ይበልጣል።

ሐምሌ 28 ቀን 1862 ዓባይ ነጭ ከሐይቁ የሚወጣበትን ፏፏቴ አይቶ ሪፖን ብሎ ሰየመው። በ1863 አገሩ ገብቶ የጕዞ መጽሐፉን አሳተመ፤ ክብርና ጭቅጭቅ አብረው መጡበት። በመጽሐፉ ውስጥ የሐይቆቹ አገር ነገሥታት ከኢትዮጵያ ወገን የመጡ የተለየ ዘር ናቸው የሚል ያልተመረመረ አሳብ አኖረ፤ ይህም አሳብ በኋለኛው ዘመን ሕዝብን ከሕዝብ ለመለየት መሣሪያ ሆነ። መስከረም 16 ቀን 1864 በባዝ ከተማ ከበርተን ጋር በሊቃውንት ፊት ሊከራከር ተቀጥሮ ነበር። ነገር ግን በዋዜማው፥ ቆቅ ለማደን ወጥቶ የድንጋይ ካብ ሲሻገር፥ የገዛ ጠመንጃው ተኩሶ ገደለው። ዕድሜው 37 ዓመት ነበረ። ስለ ሐይቁ የተናገረው እውነት መሆኑ በ1875 ሄንሪ ስታንሊ ዙሪያውን በጀልባ በዞረ ጊዜ ተረጋገጠ። ፏፏቴው ግን በ1954 የኦወን ግድብ ሲሠራ በውኃ ተውጦ ጠፋ፤ የቀረው ስሙ ብቻ ነው።

የሙንዮንዮ ታሪክ ከዚህ በኋላም ከአደን ጋር የተያያዘ ነው። የሙቴሳ ልጅ ንጉሥ ሙዋንጋ በዚያ ግቢ ነበረው። በግንቦት 1886 ከጉማሬ አደን ተቈጥቶ ሲመለስ በቤተ መንግሥቱ ያሉትን ክርስቲያን ወጣቶች ማስገደል ጀመረ። ከሟቾቹ አንዱ ዴኒስ ሰቡግዋዎ ሲሆን፥ የተገደለው ባልንጀራውን ሃይማኖት በማስተማሩ ነው። መምህራን ይህን ሥፍራ ሲጐበኙ የሚያስተምር ሰው ደም የፈሰሰበት መሆኑን ሊያስቡ ይገባል። ጠመንጃውም በዚያች አገር ሥራውን ቀጠለ። በ1983 የዩጋንዳ የዱር አውራሪሶች በሙሉ አልቀው ነበር። ከ2005 ጀምሮ ግን አውራሪሶች ከሌላ ቦታ መጥተው ዚዋ በሚባለው ሥፍራ በዘበኛ ተጠበቁ።

ከካምፓላ በተመለስሁ ጊዜ ያንኑ ምዕራፍ እንደ ገና አስተማርሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን የስፒክን ሕይወት አስቀደምሁ። ስለ ሜዳ ፍየሊቱ ስናገር ከኦጋዴን የመጣ አንድ ዕጩ መምህር ተነሥቶ፥ ይህችን እንስሳ አያቱ በወጣትነቱ አይቷት እንደ ነበረ፥ እርሱ ግን ስሟን ብቻ እንደሚያውቅ ነገረን። መጻሕፍትም ይህንኑ ያረጋግጣሉ፤ ዴሮ ዛሬ በሶማሊያ ብቻ ጥቂት ቀርታ፥ ከኢትዮጵያ ግን እንደ ጠፋች ይታመናል። በዚያን ጊዜ በሰሌዳው ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮች ጻፍሁ። አንደኛው ይህ እንስሳ በአገራችን ይኖራል የሚል፥ ሁለተኛው ይኖር ነበር የሚል ነው። የአሁኑና ያለፈው ጊዜ ግሥ ልዩነት ለብዙ ዓመታት በልምምድ ያስተማርሁት ነገር ነው፤ ክፍሉ እንዲያ ጸጥ ብሎ የሰማኝ ግን የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ በተወለደበት አገር ስላለ አንድ አውሬ እንዲጽፍ አዘዝሁ። የጎንደሩ ከስሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ ስለማይገኘው ዋልያ ጻፈ። የባሌው አዋቂዎቹ ከ500 ስለማይበልጡት ቀይ ቀበሮ ጻፈ። የሻሸመኔው በሰንቀሌ ስለሚጠበቀው ቆርኬ ጻፈ፤ ይህም ቆርኬ በእንግሊዝኛ የሚጠራው በሶማሌ ምድር በተመላለሰ በሌላ እንግሊዛዊ መኮንን በስዌን ስም ነው። ሁሉም በአሁኑ ጊዜ ግሥ ከጻፉ በኋላ፥ ግሡ ወደ ኃላፊ ጊዜ እንዳይለወጥ ማን ምን ማድረግ እንዳለበት እንዲጨምሩ ጠየቅኋቸው። አንዱ ስለ ግጦሽ፥ ሌላው ስለ ውሾች በሽታ፥ ሌላውም ስለ እርሻ መስፋፋት ጻፈ። አንዳንዶቹ በዚያ የሚኖረው ገበሬ ምን ይበላል ብለው ተከራከሩ፤ ክርክሩም ሳያልቅ ደወል ተደወለ። ያልተፈጸመ ክርክር ይዘው መውጣታቸው ተሸምድዶ ካለቀ ዝርዝር የተሻለ መስሎ ታየኝ።

ስፒክ ደፋርና ታጋሽ፥ ለእውነቱም የሚሟገት ሰው ነበረ፤ ዘመኑ የሰጠውን ጠመንጃ ግን ሳይመረምር ተሸክሟል። ስሙን የተሸከሙት እንስሳት እርሱን አያውቁትም፤ በዕድሜያቸው መርዘምና ማጠርም እርሱ አሁን ሥልጣን የለውም። ሥልጣኑ ያለው በኦጋዴን፥ በስሜን፥ በባሌና በቡጋንዳ ረግረግ አጠገብ በሚማሩት ልጆችና በሚያስተምሯቸው ሰዎች እጅ ነው። ስለዚህ የሙያ ጓደኞቼ ሆይ፥ የአራዊትን ስም ለልጆች በእንግሊዝኛ ስናስተምር፥ አስቀድመን በየመንደሩ ሽማግሌዎች አፍ ያለውን ስሙን እንጠይቅ፤ እንስሳው ዛሬ የት እንደሚገኝም አብረን እንመርምር። ይህን ካደረግን ለሚመጣው መምህር በአሁኑ ጊዜ ግሥ የሚያስተምረው ነገር እናስቀርለታለን።