አል-ቢሩኒ፦ የወቅቶችን ማዕዘን የለኩት ዓሊም

በዚህ እትማችን የአቡ ረይሓን አል-ቢሩኒን (አላህ ይዘንላቸው) ሕይወት እናነሳለን። ስማቸውን ብዙዎቻችን ሰምተናል። ከሃያ ዓመት በላይ ስለተከታተሉት አንድ ቁጥር ግን እምብዛም አናወራም።

ቢሩኒ በ362 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 973) የኸዋሪዝም ዋና ከተማ በነበረችው በካስ ዳርቻ፣ በዛሬዋ ኡዝቤኪስታን ተወለዱ። ሒሳብና የፈለክ ጥናት ከአቡ ነስር መንሱር ተማሩ። በ384 እና 385 ሂጅራ፣ ሃያዎቹን ዕድሜ ገና እንደጀመሩ፣ ስፋቱ 15 ክንድ የሆነ ቀለበት አዘጋጅተው ፀሐይን ለመለካት ተነሱ።

ምንን ሊለኩ? ብዙ ሰው ሙቀትና ብርድ የሚፈራረቁት ምድር ወደ ፀሐይ ስትቀርብና ስትርቅ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው መካከለኛው እስያ በበረዶ በሚሸፈንበት በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው። ወቅቶችን የሚያፈራርቀው የምድር ዘንበል ማለት ነው። ወደ ፀሐይ ባዘነበለው አጋማሽ ጨረሩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ቀኑም ይረዝማል፤ ከስድስት ወር በኋላ ተራው የሌላው አጋማሽ ይሆናል። በዚያ ዘመን ማዕዘኑ የፀሐይ መንገድ ዝንባሌ ተደርጎ ይታሰብ ነበር፤ አለካኩ ግን አይለወጥም። የቀትር ፀሐይ በሰኔ እጅግ ከፍ፣ በታኅሣሥ እጅግ ዝቅ የምትልበትን ከፍታ ለክቶ ልዩነቱን ለሁለት ማካፈል ነው።

ወጣቱ ቢሩኒ የሰኔውን ብቻ እንደለኩ አገራቸው በጦርነት ታመሰች፤ ተሰደዱም። ሬይ በተባለችው ከተማ ድህነትን ቀመሱ። እዚያው ግዙፍ መለኪያ የሠሩትን አል-ኹጀንዲን አገኙ። የኹጀንዲ ውጤት ከሌሎቹ ያነሰው ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ስንዝር ያህል በመስመጡ እንደሆነ ከራሳቸው ከባለቤቱ ሰምተው ጻፉ።

በ408 ሂጅራ (1017) ሱልጣን መሕሙድ ኸዋሪዝምን ሲይዝ ቢሩኒን ወደ ጋዝና፣ ወደ ዛሬዋ አፍጋኒስታን ወሰዳቸው። በ1018 ካቡል አጠገብ ሳሉ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ በሒሳብ ሰሌዳ ጀርባ ላይ ቅስት ሥለው የፀሐይን ከፍታ ለኩ። በቀጣዮቹ ዓመታት በጋዝና በትልቅ ቀለበት ለክተው 23 ዲግሪ ከ35 ደቂቃ አገኙ። ዛሬ ለዚያ ዘመን ከሚሰላው የሚለየው በአንድ የማዕዘን ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ማዕዘኑ በጣም በዝግታ እየጠበበ ዛሬ 23 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ ሆኗል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? በ416 ሂጅራ (1025) ያጠናቀቁት የከተሞችን አቀማመጥ የሚወስነው ኪታባቸው ይመልስልናል። የጋዝና ቂብላ በትክክል እንዲታወቅ የከተማዋ ቦታ መታወቅ ነበረበት፤ ለዚያ ደግሞ የፀሐይ ዝንባሌ ያስፈልጋል። የዙህርና የዐስር ጥላ ከወቅት ወቅት መለያየቱም የዚሁ ማዕዘን ሥራ ነው። ረመዷን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየመጣ ወቅቶችን ሁሉ ሲያዳርስ፣ እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን የጾማችን ሰዓት ብዙም አይለወጥም። በሰሜን አውሮፓ ያሉ ወንድሞቻችን ግን አንዳንዴ በጣም ረጅም፣ አንዳንዴም አጭር ቀን ይጾማሉ። ስለዚህ የፊዚክስ ወይም የጂኦግራፊ ደብተራችንን የዱንያ ብቻ፣ ሶላታችንን የዲን ብቻ ብለን ስንለያይ፣ ቢሩኒ ያልለያዩትን እየለያየን ነው።

ቢሩኒ በ440 ሂጅራ (1048) ገደማ በጋዝና አረፉ። በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ ሊጠይቃቸው የመጣን አንድ ፈቂህ ስለ ውርስ ሕግ አንድ መስአላ እንዲያብራራላቸው እንደጠየቁት ይነገራል። ሰውየው በዚህ ሰዓት እንዴት ብሎ ቢደነቅ፣ ሳያውቁ ከመሄድ አውቆ መሄድ እንደሚሻል ነገሩት። አስረድቷቸው ወጥቶ ብዙም ሳይርቅ የለቅሶው ድምፅ ተሰማው።

እኛ ፈተና ሲያልፍ ደብተር የምንዘጋ ተማሪዎች ከዚህ ብዙ የምንማረው አለን። አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይለግሰን፣ በተማርነውም ይጥቀመን። አሚን።